ግቢው ስንት ያወጣል?

አባቴ ወደ አኼራ በሄዱበት ቀን ማለዳ እናቴ ቅርጫት አስይዘው «ሂጂ፣ ከቁርቁራው ቅጠል ልቀሚ» አሉኝ። ሳንጃ ያደገ ሰው ቁርቁራን ያውቀዋል። እሾሁ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ፍሬው ልጆችን የሚያጣላ የቆላ ዛፍ ነው። በዐረብኛ ሲድር የሚባለውም ይኸው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ባረፈች ጊዜ በውኃና በሲድር እንዲያጥቧት ሴቶቹን ማዘዛቸው በሐዲስ ስለተዘገበ፣ ቅጠሉ በተገኘበት ሁሉ ተወቅጦ ከሟች መታጠቢያ ውኃ ጋር ይደባለቃል። እሾሁ እጄን እየቧጨረው ቅርጫቱን ሞላሁ። አባቴ በገዛ እጃቸው በተከሉት ዛፍ ቅጠል ታጥበው፣ ጀናዛቸው ከዚያው ዛፍ ሥር ተነሣ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ማንሣቴ ኀዘኔን ላካፍላችሁ ብዬ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ያ ዛፍ ይቆረጥ አይቆረጥ በሚል ክርክር እኔና ታላቅ ወንድሜ ተኳርፈን ስለነበር ነው። ከክርክሩ የተማርኩት ነገር ቤት ላለውም፣ ቤት ለመሥራት ለሚያስበውም ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

አባታችን የተዉት ሀብት ብዙ አልነበረም። ሁለት ክፍል ያለው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤትና ከቤቱ እጅግ የሚሰፋ ግቢ ነው። ወራሾቹ እናታችን፣ አንድ ወንድሜ፣ እህቴና እኔ ነን። የሰፈራችን ዓሊም ዕዳውና ኑዛዜው ከተጣራ በኋላ ድርሻችንን በሸሪዓው መሠረት አሰሉልን። ለእናታችን ስምንተኛው ወጣ፤ የቀረው ለወንድሜ የሁለት ሴት ያህል ሆኖ ተደለደለ። ንብረቱ 32 እጅ ቢሆን 4 ለእናታችን፣ 14 ለወንድሜ፣ ለእኔና ለእህቴ 7፣ 7 ይደርሰናል ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ቤትን በወረቀት ላይ መካፈል ይቻላል። ጥላን ለ32 መካፈል ግን የሚቻል አልሆነም።

ወንድሜ ሐሳቡን አቀረበ። «ቁርቁራው ተቆርጦ በቦታው አራት ክፍል ሰርቪስ እንሥራ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሠራተኛው ማደሪያ አጥቶ መንገድ ላይ ነው የሚተኛው። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ቦታ ባዶ አስቀምጠናል» አለ።

«አባዬ የታጠቡበትን ዛፍ ልትቆርጥ ነው?» አልኩት።

«ጥላ ኪራይ አያመጣም። እማዬን የማበላው እኔ ነኝ፤ አንቺ ጎንደር ንፋስ ላይ ተቀምጠሽ ስለ ዛፍ ታወሪያለሽ» አለኝ።

ነገሩ እውነት ስለነበረ አመመኝ። ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ የወረደ ሰው መንገዱ ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ እንዴት እንደሚጨምር ያውቃል። እኔ ለበዓል ብቻ የምመጣ ሆኜ የዕለት ሸክሙን የያዘው እሱ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር መነጋገር ተውን። ከሰላምታውም ቢሆን አንዳንድ ቀን እቀንስ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለመሆኑ አባቴ ቤት ሳይሠሩ በፊት ዛፍ የተከሉት ለምንድን ነው? አያቴ የጎንደር ሸማኔ ነበሩ። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ሰፈራቸውም እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። በሰሜኑ ደጋ ርስት ለሙስሊሙ በአብዛኛው የተዘጋ በር ስለነበር ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ። አባቴ «ተከራይ ዛፍ አይተክልም» ይሉ ነበር። ነገ ተነሣ የሚባል ሰው፣ ፍሬው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ነገር ጉድጓድ አይቆፍርም ማለታቸው ነው።

በ1967 የካቲት ወር የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። ያ አዋጅ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ለአባቴ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ያንተ መኖሪያ ነው» የተባሉበትን ቦታ ሳንጃ ላይ አስገኘላቸው። እናቴ እንደሚነግሩን፣ ቦታውን በተረከቡ ማግሥት የቁርቁራ ችግኝ ይዘው መጡና አጥር እንኳ በሌለው ባዶ መሬት መካከል ተከሉት። ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ዛፍ ለእሳቸው «ከእንግዲህ አልነሣም» የሚል ፊርማ ነበር።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልነግረው ስችል በቁጣ ዝም አልኩ። ነገሩን ወደ ሌላ መንገድ የመራው የሚያዝያ ፀሐይ ነው።

ወንድሜ በእኔ ተማሮ ቤቱ እንዲሸጥ ደላላ ጠራ። ደላላው ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ፤ ክፍሎቹን በእርምጃ ለካ። «መሬቱማ የመንግሥት ነው፣ የምትሸጡት ጎጆዋን ነው። አሮጌ ናት» ብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራ። ወደ ግቢው ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።

በሁለተኛው ቀን ገዢው ከባለቤቱ ጋር መጣ። ጊዜው ቀትር ነበር። ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሣ ጧ ጧ ይላል። ሴትየዋ ወደ ክፍሎቹ አልገባችም። በቁርቁራው ሥር አባቴ በድንጋይና በጭቃ በሠሩት መደብ ላይ፣ ሰሌኑ ላይ አረፍ አለች። እናቴ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውኃ ቀዱላት። ጠጥታ ስታበቃ ቀና ብላ ቅርንጫፎቹን አየችና «ይህ ዛፍ አብሮ ነው የሚሸጠው? የሚቆረጥ ከሆነ ግን እኔ አልመጣም» አለች።

ደላላው ወዲያው ዋጋውን ከፍ አደረገ። ወንድሜም ደነገጠ። «ባዶ» ያለው ቦታ ከቤቱ ይበልጥ የሚፈለግ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ደላላው መሬቱ የመንግሥት ነው ማለቱ ትክክል ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቤትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ሊሸጠውና ሊያወርሰው ይችላል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሣ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሣውን በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ መሻሻሉ እንዲከፈል ያዛል። እንግዲህ በእኛ አገር የቤት ዋጋ ሲባል የእኛ የሆነው የሠራነውና የተከልነው ነው። ግድግዳ ከዓመት ዓመት ይረግፋል፤ ዛፍ ግን ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ደላላው የቆጠረው የሚረግፈውን ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ክርክሩን እኔ የረታሁ መሰለኝ። ግን ምን አተረፍኩ? ወንድሜ አሁን ዛፉን መቁረጥ ትቶ፣ ዛፉ ዋጋ ስላለው ቤቱን በቶሎ እንሽጥ አለ! የጥላውን ዋጋ በገንዘብ ባስመሰከርኩ ጊዜ ጥላውን ራሱን ለገበያ አቀረብኩት። ነገሩ የገባኝ እናቴ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ «እኔስ የት ልሰግድ ነው?» ሲሉ ነው። አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ዐስርና መግሪብን የሚሰግዱት በዚያ ዛፍ ሥር ነበር። ከ32ቱ 4 እጅ የደረሳቸው እናታችን አንድም ቀን ሐሳባቸውን ተጠይቀው አያውቁም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ዓሊሙ ሄድን። እሳቸውም ፍርድ አልሰጡንም። የአቡ ጠልሓን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገሩን። አቡ ጠልሓ ከመዲና አንሷሮች መካከል በተምር ዛፍ ሀብት የታወቁ ነበሩ። ከሀብታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን በይሩሓእ የሚባለውን፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ፊት ለፊት ያለውን የአትክልት ቦታ ነበር። ነቢዩም እየገቡ ከጣፋጭ ውኃው ይጠጡ ነበር። ሰው ከሚወደው ነገር ካልሰጠ በጎነትን እንደማያገኝ የምታስረዳው የአሊ ዒምራን ምዕራፍ 92ኛ አንቀጽ በወረደች ጊዜ፣ አቡ ጠልሓ ያን ቦታ ለአላህ ብለው ሰጡ። ነቢዩም ሥራቸውን አመስግነው ለቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያደርጉት መከሯቸው፤ እሳቸውም ለዘመዶቻቸው አከፋፈሉት።

ዓሊሙ ከዚያ ሁለታችንንም አይተው «ከእናንተ የሚወደውን የሰጠ ማን ነው?» አሉና ዝም አሉ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ። ዛፉን እወዳለሁ ስል የነበርኩት ሴት ለዛፉ ምን ከፈልኩ? ያስከፈልኩት ወንድሜን ነበር። እሱ ኪራዩን እንዲተው፣ እሱ በጠባብ ቤት እንዲኖር፣ እኔ ደግሞ ለበዓል መጥቼ በጥላው እንድቀመጥ ነበር የፈለግሁት። ስለዚህ የራሴን 7 እጅ በፈቃዴ ለእናቴና ለወንድሜ ልጆች ለቀቅሁ። እህቴ ድርሻዋን አልለቀቀችም፤ ልጆች አሏት፣ ሐቋም ነው፤ ማንም አልወቀሳትም። ወንድሜም ሽያጩን ትቶ፣ በአራት ክፍል ፋንታ ሁለት ክፍል በምሥራቁ አጥር በኩል ለመሥራት ተስማማ። ቁርቁራው በቦታው ቀረ።

ከዚያ ግቢውን እንደገና አሰብነው። ያደረግነውን ለሚጠቅመው ልንገር።

መጀመሪያ ፀሐዩን ተመለከትን። በቆላ ቤትን የሚያቃጥለው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፈውን ማንጎ ተከልን። ጉድጓዱን ቀደም ብለን በበጋ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በወርድም በጥልቀትም ቆፍረን፣ የላዩን አፈር ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅለን መልሰን፣ ክረምቱ ሲገባ ችግኙን አስገባን። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ከበብነው። ከግድግዳው በስድስት እርምጃ አራቅነው። ይህን ያስታወሰኝ በጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ ነው። እዚያ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን ግንብ እንደ እጅ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። ለጎብኚ የሚያምር ነው፤ ለጭቃ ቤት ግን ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ውኃው ነው። ለዉዱእ የምንታጠብበትን ቦታ በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈን፣ በትንሽ ቦይ ወደ ሎሚውና ወደ ፓፓያው ሥር መራነው። ሳሙና ያልገባበት ውኃ ለተክል መልካም ነው። በቀን አምስት ጊዜ ከስንት ሰው እጅና እግር የሚወርደው ውኃ ቀድሞ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ውኃው እንዳይተኛ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሳንጃ የወባ አገር ናት፤ ትንኟም የምትራባው በተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ በየተክሉ ሥር ያለውን ጎድጓዳ በደረቅ ሣርና በገለባ ሸፈንነው፤ ውኃው ወዲያው ይሰርጋል፣ አፈሩም እርጥበቱን ይይዛል።

ሦስተኛው መቀመጫው ነው። አሮጌውን መደብ ጠገንን፤ ከጓዳው በር ጀምሮ የሳር ዳስ ዘርግተን ምጣዱን ከቤት አወጣነው። እናቴ «አርባ ዓመት በጭስና በሙቀት ጋግሬ፣ አሁን ነው ሰው የሆንኩት» አሉ። ወደ መንገዱ ባለው አጥር ላይ ቅንጭብ ተከልን፤ ሴቶች ያለ ሐሳብ እንዲቀመጡ ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ይጋርዳል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ መሆኑን ግን ለልጆቹ ደጋግመን ነግረናል። በጥግ በኩል ለዒድ የሚሆን ሒና አለን፤ የወንድሜ ሴቶች ልጆች ከወዲሁ ይፎካከሩበታል።

አራተኛው ሌሊቱ ነው። በቆላ ሰው በሙቀት ወራት ከቤት ውጭ ያድራል። በምዕራብ አርማጭሆ፣ በመተማና በሑመራ ቆላዎች ካላዛር የሚባለው በሽታ እንዳለ እናውቃለን። የሚያስተላልፈው እጅግ ትንሽ የሆነ የአሸዋ ዝንብ ነው፤ በመሬትና በግድግዳ ስንጥቅ ይደበቃል፣ ማታ ወጥቶ ይነክሳል። ስለዚህ ግድግዳውን አስመረግን፤ የመሬቱን ስንጥቅ ደፈንን። ውጭ የሚያድር ሰው መድኃኒት የተነከረ አጎበር ሳይዘረጋ እንዳይተኛ ሕግ አወጣን። ግቢን ማሳመር አበባ መትከል ብቻ አይደለም፤ በግቢው የሚያድረውን ነፍስ መጠበቅም ነው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አላወጣንም። ድንጋዩ ከወንዝ፣ ፍጉ ከጎረቤት፣ ጉልበቱ ከወንድሜና ከልጆቹ ነው። ለዝና የሚደረግ ብክነት በዲናችን የተጠላ ነው፤ እኛም ብንፈልግ አቅሙ አልነበረንም።

ሁለቱ ክፍሎች ተሠርተው በሰሊጥ ጊዜ ተከራዩ። ወንድሜ አንድ ቀን ስልክ ደውሎ እየሳቀ «ተከራዮቹ ክፍሉን ሳያዩ መጀመሪያ ‹ከዛፉ ሥር መቀመጥ ይቻላል?› ብለው ጠየቁ» አለኝ። «ታዲያ ጥላ ኪራይ አያመጣም ያልከው ሰውዬ የት ሄደ?» አልኩት። «ተይኝ እስቲ» አለ። ከኩርፊያው ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የቁርቁራው አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ አጥሩን አልፎ መንገዱን ያጠላል። አባቴ በሕይወት ሳሉ በዚያ ጥላ ሥር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ውኃ የሞላ እንስራና ጣሳ ያስቀምጡ ነበር። ወንድሜ ቀድሞ «የእኛ ዛፍ ለመንገደኛ ምን አገባው?» ይል ነበር። ባለፈው ረመዷን ለኢፍጧር ስሄድ እንስራው በቦታው ተመልሶ አየሁ። ማን አስቀመጠው ብዬ አልጠየቅሁም። ተምርና ሾርባ ይዘን በዛፉ ሥር ስንሰበሰብ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንደ አባቴ ጊዜ መጥተው አብረውን ተቀመጡ።

አነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የቁርቁራውን ፍሬ ወፎቹ ይበሉታል፣ የትምህርት ቤት ልጆች በድንጋይ ያወርዱታል፣ የማንም ፍየል የወደቀውን ይለቅመዋል። ይህን ሂሳብ የሚይዝ ደላላ የለም። የአባቴ መዝገብ ግን ኢንሻአላህ ክፍት ነው።

እናንተም ቤት ስትሠሩ፣ ወይም የወላጆቻችሁን ቤት ስትካፈሉ፣ ከግድግዳው በፊት ግቢውን እዩ። ማን እንደተከለው፣ ማን እንደሚቀመጥበት፣ ማን እንደሚሰግድበት ጠይቁ። ባዶ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱ ሳያልፍ አንድ ችግኝ ትከሉ። ሠርታችሁ ከምትተዉት ሁሉ እናንተ ካለፋችሁም በኋላ የሚያድገው እሱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የወላጆቻችንን ሥራ ይቀበልልን፤ በውርስ ምክንያት የተኳረፉትን ወንድማማቾችና እህትማማቾች ያስታርቅልን፤ ቤቶቻችንን የእርጋታና የበረካ ያድርግልን። አሚን።